ሮዝዌልን ውጭ አገር ያደረገው ማኅተም

ጧ!

ድምፁ የመጣው አትላንታ ዳር ዶራቪል ካለው የሐበሻ ግሮሰሪ፣ ከኋላኛው ክፍል ነው። ጧ! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጧ! ሽንኩርት ሲመርጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ሰብስበው ቀና አሉ።

«አጥንት መከትከት ጀመሩ እንዴ?» አለች አንደኛዋ።

«ኧረ ስብሰባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ያደርጋቸዋል» አለች ሌላዋ፤ ወደ ሽንኩርቷም ተመለሰች።

እውነቷን ነው። የሚመታው የአትላንታ ሚዳቋዎች የራግቢ ቡድን ማኅተም ነበር። ይህ ቡድን ኳስ ከመግዛቱ ሰባት ወር ቀድሞ ማኅተም ያስቀረጸ አስተዋይ ቡድን ነው። ኳስ የሌለው ቡድን ቢያንስ ኳስ የሌለው ቡድን ይባላል፤ ማኅተም የሌለው ቡድን ግን ምን ተብሎ ይጠራል?

ማኅተሙን ከእጃቸው የማይለዩት የተጫዋቾች ምርጫ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ መክብብ ናቸው። አቶ መክብብ በዲቪ ከመምጣታቸው በፊት አገር ቤት በአንድ የስፖርት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ክፍሉን ለአሥራ አንድ ዓመት መርተዋል። በእሳቸው ዘመን አንድም የስፖርተኛ ፋይል ጠፍቶ አያውቅም፤ አንድም ስፖርተኛ ወጥቶም አያውቅም። አሁን ሰው ከኤርፖርት እያመላለሱ ይኖራሉ። መንገደኛው ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ እሳቸው መሪውን ይዘው ስለ ትውልድ ግንባታ ያስባሉ።

ራግቢን ያገኙት እንደ ታላላቅ ነገሮች ሁሉ በአጋጣሚ ነው። ሜልቦርን የሚኖር አንድ ዘመዳቸው፣ አውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድኗን እንዴት እንደምትመርጥና ተጫዋቾቿን እንዴት እንደምታሳድግ የሚያትት ሰማንያ አራት ገጽ ሰነድ ላከላቸው። አቶ መክብብ ርዕሶቹን ሁለት ጊዜ፣ ሥዕሎቹን ሦስት ጊዜ አነበቡ። በተለይ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው፤ በዚህ ጨዋታ ኳሷን በእጅ ሲቀባበሉ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው።

«ወደ ፊት ለመሄድ ወደ ኋላ መወርወር!» አሉ ለኮሚቴው። «እስቲ በሞቴ፣ ከዚህ የበለጠ ለእኛ የተፈጠረ ነገር አለ?»

አልነበረም። ቡድኑ በዚያው ሳምንት ተመሠረተ። አውስትራሊያውያን በምትዘል እንስሳቸው ስም ስለሚጠሩ፣ እኛም የምትዘል እንስሳ ያስፈልገናል ተባለና በሁለት ስብሰባ ሚዳቋ ተመረጠች። ሚዳቋ ሰው ስታይ የምትሸሽ መሆኗን ያነሳ ሰው ነበር። አስተያየቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

ያን ቀን ማኅተሙን ያስጮኸው የሰነዱ ገጽ አርባ አንድ ነው። ገጹ እንደሚለው አውስትራሊያ ውስጥ አገሩን ጥሎ ውጭ የሚጫወት ልጅ ለብሔራዊ ቡድን እንደ ልብ አይመረጥም። እንዲመረጥ ከተፈለገ ቀደም ሲል ለአገሩ ስልሳ ጊዜ የተሰለፈ መሆን አለበት። ቁጥሩን በኋላ ዝቅ እንዳደረጉት የሚናገረው ገጽ አርባ ሁለት ነው። አቶ መክብብ እዚያ አልደረሱም።

«ስለዚህ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ውጭ አገር የሚኖር ተጫዋች አይመረጥም። ተቃውሞ?»

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰብሐት ከላፕቶፑ ቀና አለ። ኮሌጅ ጀምሮ ያቋረጠ ልጅ ነው፤ ጸሐፊ የሆነው በፍጥነት ስለሚተይብ ነው። «ሶሪ ጋሼ፣ ግን... ሁላችንም ውጭ አገር ነን እኮ። ላይክ፣ ኦልሬዲ።»

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ማነው ውጭ አገር?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። የግሮሰሪው ባለቤትና የተጫዋቾች ልማት ክፍል ኃላፊ ናቸው። «እኔ ቤት አለኝ፣ ሱቅ አለኝ፣ ባለፈው ወር ፍርድ ቤት ለጁሪ ዱቲ ጠርቶኛል! ውጭ አገር ያለ ሰው ጁሪ ይጠራል?»

«አይ፣ እሱማ...»

«እንዲያውም ውጭ ያለው የት እንደሆነ ይብራራልን!»

አቶ መክብብ የአትላንታን ካርታ ከግድግዳው አወረዱ። ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ከተማዋን እንደ መቀነት የሚዞራትን 285 የሚባለውን መንገድ ቀስ ብለው ተከተሉት።

«አገር ማለት ድንበር ነው» አሉ። «ድንበር ደግሞ ይዞርሃል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። መንግሥት ራሱ ይኸው በአስፋልት ሠርቶልናል። ከ285 ወዲህ ያለ አገር ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ ውጭ አገር ነው።»

«ዶራቪልስ?» አለ ሰብሐት።

የወይዘሮ ገበያነሽ ዓይን ተጎልጉሎ ወጣ። መንገዱ በግሮሰሪው አቅራቢያ ስለሚያልፍ ነገሩ ደም ሊያፋስስ ይችል ነበር። ኮሚቴው ግን በስክነት መከረ፤ ግሮሰሪው በየትኛውም ወገን ቢውል የኤምባሲ ክብር እንዲኖረው ወሰነ። ጧ!

ከኮሚቴው ውጭ ይህን ውሳኔ መጀመሪያ የሰማው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኤልቃና ይባላል። ከ285 ወዲያ፣ ሮዝዌል ነው የሚኖረው።

ስለ ኤልቃና ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ጥፋቱ ብዙ ነውና። አንደኛ፣ ወጣት ነው። ሁለተኛ፣ ፈጣን ነው። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ያለበትን አልጋ እየገፋ ከክፍል ክፍል ያደርሳል፤ ኮሪደር ሙሉ ሰው እያለ ማንንም ሳይነካ ሾልኮ ያልፋል። ሦስተኛውና ይቅር የማይባለው፣ ራግቢ ያውቃል። የሥራ ባልደረባው ሮዝዌል ወዳለ አንድ ክለብ ወስዶት ሦስት ዓመት ተጫውቷል። እንግዲህ በገጽ አርባ አንድ ዓይን ሲታይ፣ አገሩን ጥሎ ውጭ የሚጫወት ማለት እሱ ነው።

«ጋሼ መክብብ» አለ፣ «ከቤቴ እዚህ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው እኮ።»

«ትራፊክ ከሌለ» አሉ አቶ መክብብ በሐዘኔታ። «የውጭ ኑሮ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን ልጄ። አይዞህ። ስልሳ ጊዜ ለሚዳቋዎች የተሰለፍክ እንደሆነ በሩ ክፍት ነው።»

«ሚዳቋዎች እስካሁን ስንት ጊዜ ተጫውተዋል?»

አቶ መክብብ ሰብሐትን አዩት። ሰብሐት መዝገቡን አየ።

«ዚሮ» አለ።

«ለዚህ ነው ልማት ያስፈለገው!» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

የልማት ክፍሉ ኤልቃናን ተረከበው። ባለ አምስት ደረጃ ዕቅድ ወጣለት። አንደኛው ደረጃ ግንዛቤ ማስጨበጫ ነው፤ ሁለተኛው የግንዛቤው ክለሳ። በሦስተኛው ስለ ተጫዋች ሥነ ምግባር፣ በአራተኛው ስለ ሦስተኛው ተወያየ። በአራት ወር ውስጥ አራት ሰርተፍኬት ተቀበለ፤ ሁሉም ማኅተም አለባቸው። ኳሷን ግን አልነካም። ኳሷ የቡድኑ ብቸኛ የስፖርት ዕቃ ስለሆነች ቁጥር ተለጥፎባት፣ እንዳትቆሽሽ በብረት ካቢኔት ውስጥ ተቆልፋለች። ቁልፉ አቶ መክብብ ዘንድ ነው።

አንድ ቀን ኤልቃና ትዕግሥቱ ሳሳ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልጄ» አሉት አቶ መክብብ።

«የእንቁላል ቅርጽ ያላት ኳሳችንማ ለመሄድ ተዘጋጅታ ነበር ጋሼ። ቆለፋችሁባት እንጂ።»

አቶ መክብብ ይህን ንግግር በሥነ ምግባር ጉድለት ሊያስመዘግቡት ነበር። ግን የልጁ የሥነ ምግባር ሰርተፍኬት ላይ የፈረሙት ራሳቸው መሆናቸው ትዝ አላቸውና ተዉት።

ቡድኑ አማካሪም ነበረው። ቶሚ ይባላል፤ ሚድታውን የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ እውነተኛ የአውስትራሊያ አሰልጣኝ ነው። በወጣትነቱም በሽምግልናውም ልጆች ሲያሠለጥን ኖሯል። ግሮሰሪው ውስጥ ሳምቡሳ ሲገዛ ነው አቶ መክብብ የያዙት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ የክብር ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ይጨበጨብለታል። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አያውቅም።

ከስብሰባ በኋላ ሁሉም ፓርኪንጉ ላይ ቆመው ሲሰነባበቱ፣ ሽንኩርት የተጫነ ጋሪ ከአንዲት ደንበኛ እጅ አመለጠ። ፓርኪንጉ ቁልቁል ነው፤ ታች ደግሞ ቢዩፎርድ ሃይዌይ አለ። ጋሪው እየተንቀጫቀጨ ነጎደ። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። ኤልቃና ግን ሮጠ። በሁለት መኪና መሀል ገባ፣ ወደ ኋላ ከምትወጣው ሦስተኛ መኪና ትከሻውን አዙሮ አመለጠ፣ አንድ ሽማግሌ ዞረ፤ ከአስፋልቱ ሁለት እርምጃ ሲቀር ጋሪውን በአንድ እጁ ያዘው። አንዲት ሽንኩርት ልትወድቅ ስትል በሌላው እጁ ቀለባት።

የቶሚ ሳምቡሳ አየር ላይ ቀረ።

«ማነው ያ ልጅ?»

«ውጭ አገር ነው የሚኖረው» አሉ አቶ መክብብ፤ ሰብሐትም ተረጎመ።

ቶሚ ሳምቡሳውን ኪሱ ከተተ። ማንም ሳያጨበጭብለት ፈጠን ብሎ መናገር ጀመረ። ብሪዝበን ከተማ የስምንት ሳምንት የወጣቶች ማሠልጠኛ አለ። እሱ አንድ ስም መላክ ይችላል። የሚልከውን ልጅ ግን በእውነተኛ ጨዋታ ላይ በዓይኑ አይቶ መፈረም አለበት። የማመልከቻው ፎርም የሚዘጋው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ሚዳቋዎች በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ግጥሚያ የሚያደርጉትም ያን ቀን አይደል? «ያንን ልጅ አሰልፉልኝ» አለ። «ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።»

«ቶሚ ለወጣቶች ልማት ያለውን ድጋፍ ገለጸ፣ ብለህ ጻፍ» አሉ አቶ መክብብ።

«ጋሼ፣ እንደዛ አላለም እኮ።»

«ጻፍ አልኩህ።»

ኤልቃና ጋሪውን ለባለቤቷ መልሶ መጣ። ሁሉንም ሰምቷል። «ጋሼ፣ ካምፑ የሚቀበለው እስከ ሃያ ሦስት ዓመት ነው። እኔ በሚቀጥለው ወር ሃያ አራት ይሞላኛል። ከዚህ በኋላ የለም።» አሥር ጣቶቹን ዘረጋ። «አሥር ደቂቃ ይበቃኛል። አምስትም።»

አቶ መክብብ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ኮሚቴው ያየዋል።»

ኮሚቴው አየው። አሥራ አራት ቁጥር፣ ማለትም ዳር ላይ እንደ ጥይት የሚሮጠው ሰው ቦታ፣ ለእንድርያስ ተሰጠ። እንድርያስ የአቶ መክብብ ባለቤት ወንድምና የኮሚቴው አባል ነው። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። የሚኖረው ግን ሚድታውን፣ የካርታው እምብርት ላይ ነው። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ሰው ከየት ይገኛል?

«እኔ እንኳ ሩጫው ላይ ብዙም...» ብሎ ነበር እንድርያስ።

«አንተ ምን አገባህ? ተመርጠሃል» አሉት።

ቅዳሜ ደረሰ። ተጋጣሚው የአንድ የሳሞአውያን ቤተ ክርስቲያን ቡድን ነበር፤ ጸልየው፣ ዘምረው፣ እንደ ግንብ ተሰልፈው ገቡ። ኤልቃና የሥራ ፈረቃውን ከሰው ጋር ተቀያይሮ፣ ጫማውን አስሮ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መስመሩ ዳር ቆሟል። ቶሚ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ ይዟል። አቶ መክብብ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ አስዘርግተው ማኅተሙን መሀል ላይ አቆሙት።

ኳሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከካቢኔት ወጣች። ቀኑን ሙሉ በሚዳቋዎች እጅ የቆየችው ግን ከሜዳው ዳር እስክትደርስ ብቻ ነው። ሳሞአውያኑ ወሰዷት፤ ከዚያ በኋላ የእነሱ ሆነች። ስሟን እንኳ ሳይጠይቁ ከመስመሩ ጀርባ እየወሰዱ ያስተኟታል፤ በተኛች ቁጥር ነጥብ ነው። እንድርያስ በሰባተኛው ደቂቃ አንዱን ሊይዝ ሞከረ። ሰውዬው እንደተያዘ አላወቀም። እንድርያስን አሥር ሜትር ያህል ጎተተውና ነጥቡን አስቆጥሮ ሲነሳ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አላየሁህም» አለው።

እረፍት ሲወጡ አርባ ሰባት ለዜሮ ነበር።

«መጥፎ አይደለም» አሉ አቶ መክብብ። «ልምድ እየቀሰምን ነው።»

«ጋሼ፣ እንድርያስ መነሳት አቃተው» አለ ሰብሐት። «ኤልቃና ይግባ። ፕሊስ።»

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ስልሳ የሚለው ቁጥር ወደ ሠላሳ ዝቅ እንዲል ሐሳብ ቀረበ። ዳኛው ሁለተኛውን አጋማሽ አስጀመረ፤ ሚዳቋዎች አንድ ሰው ጎድሎባቸው በአሥራ አራት ገቡ። ሠላሳው ወደ አሥር ወረደ። ወይዘሮ ገበያነሽ በመርህ ተቃወሙ፤ ልጁ አምስተኛውን ደረጃ ገና አልጨረሰም። አምስተኛው ደረጃ ምን እንደሆነ ተጠየቁ። ገና እየተጠና ነው አሉ። ሃምሳ ዘጠኝ ለዜሮ ሆነ። ቁጥሩ ወደ አንድ እንዲወርድ ተወሰነ፤ ለካ ኤልቃና አንድም ጊዜ አልተሰለፈም።

«ኧረ ዚሮ አድርጉት!» ጮኸ ሰብሐት።

«ዜሮ ቁጥር ነው እንዴ?» አሉ አቶ መክብብ።

ነጥብ ሰሌዳው ላይ ከሚዳቋዎች ጎን እስከ አሁን የቆመው ዜሮ ብቻ ነበር። ማንም ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ኤልቃና አንዴ ሜዳውን፣ አንዴ ጠረጴዛውን ያያል። «ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ ቀረ።»

«ሕግ እያወጣን ነው!»

በመጨረሻ መፍትሔው የተገኘው ከአቶ መክብብ ራሳቸው ነው። ሕጉን መንካት የሕግ የበላይነትን ይጥሳል። ካርታውን መንካት ግን ምንም አይጥስም። ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፤ ከ285 ተነስተው ወደ ሰሜን እንደ አንገት ቀጭን መስመር አወጡና ሮዝዌልን ዞረው ተመለሱ። «የሮዝዌል ከተማ ከዛሬ ጀምሮ አገር ውስጥ መሆኗን ስለማሳወቅ» የሚል ደብዳቤ ሰብሐት በስልኩ ተየበ፤ ከመኪናው ፕሪንተር አምጥቶ አተመ። አቶ መክብብ ማኅተሙን እፍ አሉበት።

ጧ!

ስምንት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ቶሚ ከወንበሩ ብድግ አለ። ኤልቃና ከእንድርያስ ገላ የወለቀውን፣ ላብ ያራሰውን አሥራ አራት ቁጥር ማልያ ነጥቆ ሁለቱን እጆቹን አስገባ።

«አንድ ጊዜ!» አሉ አቶ መክብብ እጃቸውን ዘርግተው። «አንድ ተጫዋች ወደ አገሩ ሲመለስ እንዲህ ዝም ተብሎ አይገባም። አቀባበል አለ።»

«ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር!»

«አጭር ነው።»

ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡ። ክቡር የምርጫ ኮሚቴ አባላትን፣ ክብርት የልማት ክፍል ኃላፊን፣ በሌሉበትም ቢሆን የሜልቦርኑን ዘመዳቸውን አመሰገኑ። ወጣቱ ትውልድ የነገ አገር ተረካቢ መሆኑን አስታወሱ። በውጭ የሚኖሩ ልጆቻችን ዕውቀታቸውን ይዘው ሲመለሱ እጃችንን ዘርግተን እንደምንቀበል ተናገሩ፤ እዚህ ላይ እጃቸውን በእውነት ዘረጉ። የተዘረጋው እጅ ኤልቃና ወደ ሜዳው የሚገባበትን መንገድ ዘጋው። ሰብሐት ሰዓቱን በጣቱ አሳያቸው። አቶ መክብብ አድናቆት መሰላቸውና አንድ አንቀጽ ጨመሩ። «በመጨረሻም» አሉ። ከዚያም፣ «በመጨረሻም»። ሦስተኛውን «በመጨረሻም» ሲሉ የዳኛው ፊሽካ ረጅም ሆኖ ተነፋ።

ዘጠና ሁለት ለዜሮ።

የኤልቃና እጆች ማልያው ውስጥ ናቸው፤ አንገቱ ገና አልገባም። እንደዚያው ቆመ።

ቶሚ ፎርሙን አየው። እስክሪብቶውን ከደነው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን አንድ ነገር ተናገረ፤ ይህን ጊዜም ያጨበጨበለት አልነበረም።

«ምን አለ?» አሉ አቶ መክብብ።

ሰብሐት ተረጎመ። «ያንን ሕግ እኛ ያወጣነው ጥሩ ልጆች ጥለውን እንዳይሄዱ ብለን ነበር፣ ነው የሚለው።»

የአቶ መክብብ ፊት በራ። «አላልኳችሁም? ዓላማችን አንድ ነው! ጻፈው፣ ጻፈው!»

ኤልቃና እጆቹን ከማልያው አወጣ። ማልያውን በአራት አጠፈው፤ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ እንደሚያጥፉት ጠርዙን ከጠርዙ ገጥሞ። መጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማኅተሙ አጠገብ አስቀመጠው። ለወይዘሮ ገበያነሽ አንገቱን ዝቅ አደረገላቸው። ጫማውን ፈታ፤ በካልሲ ሣሩን አቋርጦ ወደ መኪናው ሄደ።

«ኤልቃና!» ተጣሩ አቶ መክብብ ከኋላው። «ወዴት ነው? አምስተኛው ሰርተፍኬትህ እኮ ደርሷል! ማኅተም ብቻ ነው የቀረው!»

ኤልቃና ሞተሩን አስነሳ። ወደ ሰሜን ታጠፈና ሄደ።